የካፊያ እጅ

ባቡሩ ሲሄድ ወንድሜም አብሮ ይነቃነቃል፤ ባቡሩ ሲቆም ግን እሱ አይቆምም። ቀኝ እግሩ የፉርጎውን ግድግዳ ይመታል፣ ትንሽ ያርፋል፣ ደግሞ ይመታል። አጠገባችን ጭድ ላይ የተኛው አንድ እግሩን የተቆረጠ መድፈኛ አንገቱን ቀና አድርጎ፣ «እትዬ፣ የቀረችኝን አንዷንም ልስጠው መሰለኝ፤ የሱ ሁለቱ አልበቁትም» አለኝ።

«ይቅር በለው ወንድሜ፣ ሆን ብሎ አይደለም።»

«አውቃለሁ። ቀልዴን ነው» አለና ጥርሱን ነክሶ ፊቱን አዞረ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም ታክቶኝ ነበር። ከሆስፒታሉ ከወጣን ጀምሮ እንቅልፍ የሚባል በአይኔ አልዞረም። እግሩን ስይዘው ክንዱ ይወራጫል፤ ክንዱን ስይዘው ያዛጋል፤ ማዛጋቱ ሲተወው ያስነጥሰዋል፤ አይኑና አፍንጫው አንድ ላይ ይወርዳሉ። ላብ ሸሚዙን አጥምቆት ጥርሱ በብርድ ይንገጫገጫል። ቆዳው ላባው እንደተነጨ ዶሮ ችፍ ብሏል። የሆዱን ነገርማ አታንሱት። ልብስ አጣቢ ነኝ፤ በሆስፒታሉ ያላየሁት ጉድ የለም። የገዛ ወንድም ሲሆን ግን ሌላ ነው፤ እጅ አይጸየፍም፣ ልብ ነው የሚደክመው።

ይህ በሽታው አይደለም። በሽታውማ አልፏል። መጀመሪያ ታይፈስ ጣለው፤ ከታይፈሱ ሲነሳ ጎኑ መግል ቋጠረ፤ ሐኪሞቹ ጎኑን ቀደው፣ አንዲት የጎድን አጥንት ቆርጠው፣ የላስቲክ ቱቦ ሰክተው ክረምቱን ሙሉ አፈሰሱት። ስንቴ ሞተ ብዬ አልቅሻለሁ። ያን ጊዜ ከዚያ ስቃይ ያወጣው ሞርፊን ነበር፣ ቡናማ ብልቃጥ ውስጥ ያለ መራራ ጠብታ። ጎኑ ጠባሳ ሠርቶ ሲደርቅ ጠብታው ግን አልለቅም አለ። ሽማግሌው ሐኪም አስጠሩኝና፣ «ልጄ፣ ቁስሉን እኛ አድነንልሻል፤ ከመድኃኒቱ ማላቀቅ ያንቺ ሥራ ነው» አሉኝ። «በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ቀንሺ። ባንዴ አትቁረጪበት፣ ልቡ ደካማ ነው። ልቡ ከዳኝ ያለ ቀን እንድትደርሺለት ትንሽ ከእጅሽ አይጥፋ።» እሺ አልኩ። ጦርነቱ በሳምንቱ ደጃችን ላይ እንደሚቆም ማን ያውቃል?

ከተማው ሲለቀቅ፣ ሰው ከሰው ሲተራመስ፣ ወንድምዬው ብልቃጡን ከኪሴ መንትፎ ድርሻውን ደራርቦ ጠጣው። ጣቢያው አግዳሚ ወንበር ላይ ከንፈሩ ጠቁሮ፣ አገጩ ደረቱ ላይ ወድቆ አገኘሁት። በጥፊ ነው የቀሰቀስኩት። ስንሳፈር፣ «ብልቃጡ ጓዝ ተጭኖት ተሰበረ» አልኩት። ምን ይሰበራል! በጨርቅ ጠቅልዬ ጡቴ ሥር ሸጉጬዋለሁ። መኖሩን ካወቀ ልመናው አያልቅም፤ ልመናው ካላለቀ ደግሞ የምሸነፈው እኔ ነኝ፣ ራሴን አውቃለሁ። ስለዚህ ዋሸሁ። ሽማግሌው የከለከሉኝን ነው ያደረግሁት፤ ባንዴ ቆረጥኩበት። በየጊዜው ጆሮዬን ደረቱ ላይ ጥዬ ልቡን አዳምጣለሁ፤ ስትዘል ብልቃጡን እዳስሳለሁ፤ ስትረጋ እተወዋለሁ። እንዲህ እያልኩ ነው የመጣሁት።

ሌላም ነገር አለ፣ ልደብቀው አልፈልግም። የባቡሩ ሐኪም፣ ሻምበሉ፣ በመጀመሪያው ቀን በየፉርጎው እየዞረ፣ «ሕመም የሚያስታግስ ነገር ያለው ሰው ያምጣ፣ ጠብታም ብትሆን» ብሎ ለምኗል። እኔ ጭዱን ሳስተካክል ነበር። ቀና አላልኩም።

ከሰዓት በኋላ ባቡሩ አንዲት ትንሽ ጣቢያ ላይ ቆመ፤ ቆሞም ቀረ። ውጭ ዝናብ ይጥላል። ነጂው ከሰልና ውሃ እያስጫነ ነው ብዬ ጠበቅሁ፤ ከሰሉ ተጭኖ አለቀ፣ ባቡሩ ግን አልተንቀሳቀሰም። በመጨረሻ የፉርጎው በር ተንሸራተተና ሻምበሉ ገባ። ደም የደረቀበትን የቆዳ ሽርጡን አላወለቀም። ዕድሜው ከወንድሜ የሚበልጥ አይመስለኝም፣ አይኑ ግን የሽማግሌ ሆኗል።

«ቴሌግራፍ የሚመታ ሰው አለ?» ሲል ጮኸ። «ማንም ይሁን ማን፣ ቴሌግራፈኛ!»

ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ሳብኩለት። መድፈኛው ግን ክንዱን አውጥቶ ወደ እኛ ጠቆመ።

«ይኸውልዎ ጌታዬ ሻምበል። ከጠዋት ጀምሮ ሲመታ ነው የዋለው። ግድግዳችንን ጨረሰው።»

ሻምበሉ ቀርቦ አየው። «እውነት ነው? ቴሌግራፈኛ ነህ?»

ወንድሜ ለመልስ አፉን ከፈተና አዛጋ። ማዛጋቱ ረዝሞበት እንባው ወረደ። «ነበርኩ ጌታዬ» አለ። «ሽቦ ላይ ካፊያ ይሉኛል።»

ይህን ስም ማንም በዋዛ አላወጣለትም። ቴሌግራፈኞች ፊት ለፊት ሳይተያዩ ዕድሜ ልካቸውን በሽቦ የሚነጋገሩ ሰዎች ናቸው። አንዱ አንዱን የሚያውቀው በአመታቱ ነው፤ የሰው ድምፅ እንደሚለያይ እጃቸውም ይለያያል። የወንድሜ እጅ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ካፊያ ነበር፣ ስስ፣ እኩል፣ የማይቸኩልና የማይቆም። ምሳ ይዤለት ስሄድ በሩ ላይ ቆሜ የምሰማበት ጊዜ ነበር፤ ምን እንደሚል አላውቅም፣ ግን ያስተኛኛል። በዚህ መስመር ላይ የሱን እጅ የማያውቅ ጣቢያ አልነበረም። እሱም ይኮራበት ነበር፣ እንዲያውም ትንሽ ከልክ በላይ።

በአንድ ጎኑ ሻምበሉ በአንድ ጎኑ እኔ ደግፈን በዝናቡ ውስጥ ወሰድነው። በመሐል እግሩ ሲከዳው ሻምበሉ ተሸከመው ማለት ይቻላል።

የጣቢያው ቢሮ ጠባብ ነው። አንድ የብረት ምድጃ፣ አንድ የግድግዳ ሰዓት፣ መስኮቱ ሥር የቴሌግራፉ ጠረጴዛ። የጣቢያው ሹም ሸምገል ያሉ፣ የደንብ ልብሳቸውን እስከ አንገታቸው የቆለፉ ሰው ናቸው። የሚያዙት ሠራተኛ አልቀረም፣ ሁሉም ሸሽቷል፤ እሳቸው ግን ቆብ አድርገው ቆመዋል።

«ቁጭ በል ልጄ» አሉት። «ነገሩ እንዲህ ነው። ከፊታችን ወንዝ አለ። ድልድዩን መሐንዲሶች ፈንጂ ጠምደውበታል። ትናንት ጠላት አንድ ጣቢያ ያዘና በኛ ሰው ስም ቴሌግራም መትቶ፣ የራሱን ወታደር የጫነ ባቡር በሰላም አሳለፈ። ከዚያ ወዲህ ትእዛዝ ወጥቷል። እጁን የማያውቁት ሰው ካስታወቀ የድልድዩ ሰዎች ባቡር አይቀበሉም። የኔ ቴሌግራፈኛ በመጀመሪያው ባቡር ሄዷል። እኔ ደግሞ የምመታው እንደ ሕፃን ነው። ስሞክር፣ የድልድዩ ቴሌግራፈኛ አንተ ማነህ አለኝና ዘጋብኝ። በአሥራ አንድ ሰዓት ድልድዩን ያፈርሱታል።»

ሁላችንም ሰዓቱን አየን። ረጅሙ ዘንግ ወደ ላይ መውጣት ጀምሯል። ሻምበሉ ሰው በፈረስ እንላክ ብሎ ነበር፤ ሹሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። መንገዱ በጭቃ ተቆርጧል፣ ፈረሱ ቢኖርም ከጨለመ ነው የሚደርሰው።

«ድልድዩ ላይ ያለው ማነው?» አለ ወንድሜ።

«ቀርፋፋው ነው የሚሉት።»

ወንድሜ ሳቀ። ከስንት ጊዜ በኋላ ነው ሲስቅ የሰማሁት። ቀርፋፋው ጓደኛው ነው። ለዓመታት በሽቦ ሲሰዳደቡ፣ ሲማከሩ፣ ሲቀላለዱ የኖሩ፣ አንድም ቀን ያልተያዩ ጓደኛሞች። ለቀርፋፋው ሠርግ እንኳ ወንድሜ በሽቦ ነው የመረቀው። «እሱ ከሆነማ አለቀ» አለና እጅጌውን ሰበሰበ። ሻምበሉ ትንፋሹን ለቀቀ፣ እኔም ለቀቅሁ።

እጁን የቴሌግራፉ መምቻ ላይ አኖረ።

የወጣው ድምፅ ካፊያ አልነበረም። የሚንገጫገጭ ጥርስ ነው። አንዱ ምት ሁለት ይሆናል፣ ረጅሙ መሐል ላይ ይሰበራል። በግራ እጁ የቀኝ አንጓውን ጨምቆ ያዘ፤ አሁን ደግሞ ሁለቱም ይንቀጠቀጣሉ። አስነጠሰውና እጁ መምቻውን አዳልጦት አለፈ። ጨርሶ ሲያበቃ ፊቱ ላይ ያለው ላብ ጠረጴዛው ላይ ይንጠባጠብ ነበር።

መሣሪያው መለሰ። ቀስ ብሎ፣ እያረፈ እያረፈ። ስሙን በከንቱ አላወጡለትም።

«ምን ይላል?» አለ ሻምበሉ።

«'አንተ ካፊያ አይደለህም' ይላል። 'ካፊያ ሆስፒታል ሞቷል ብለውኛል። የሞተ ሰው ስም ይዘህ አትምጣብኝ'።»

«ድገምለት እንጂ!»

ደገመው። የባሰ ሆነ። ሆዱን ቁርጠት ያዘውና ጠረጴዛው ላይ ተደፋ፤ መምቻውን ግን አልለቀቀም። መሣሪያው አላስጨረሰውም፣ መሐል ገብቶ ቋ ቋ አለ።

«'ሽቦውን ልቀቅ' አለ» አለ ወንድሜ። «'በአሥራ አንድ ሰዓት እሳት እናስነካለን። ባቡር ብትልክ ከነነፍሱ ወንዝ ይገባል'። ዘጋው።»

ሻምበሉ ወንድሜን ትከሻው ላይ ያዘው። በቁጣ አልነበረም። «ምን ሆነህ ነው? ወባ ነው? እጅህ ምን ሆኖ ነው?»

ወንድሜ ወደ መስኮቱ ዞረ። ያፈረ ሰው ጀርባ አውቃለሁ።

«ሞርፊን አቁሞ ነው» አልኩ እኔ። «ሲታመም ሰጥተውት ለምዶት ነበር፣ አሁን አጥቶት ነው።»

ሻምበሉ እጁን ከትከሻው አነሳ። በድካም ግንባሩን ጠረገ፣ ግንባሩ ላይ ደም ቀረ። «ቢኖረኝ አሁን እሰጥህ ነበር ወንድሜ» አለ። «የለኝም። ጠብታ የለኝም። ዛሬ ጠዋት እጁን የቆረጥኩት ልጅ የራሱን ቀበቶ ነክሶ ነው የቻለው። ሰምታችሁታል።»

ሰምተነዋል። ማን ያልሰማ አለ?

መስኮቱ በጉም ተሸፍኗል፤ በጉሙ ውስጥ ባቡሩ ይታየኛል፣ ፉርጎው ከፉርጎው ተያይዞ እስከ ዛፎቹ ድረስ። ውስጡ የታጨቀውን ሰው አስቤ ወንድሜን አየሁት። አሁን ብሰጠው ያ ሁሉ መከራ፣ ያ ሁሉ መንፈራገጥ ከንቱ ይቀራል፤ ነገ ከመጀመሪያው ነው። ምናልባትም ደግሞ አይጀምረውም። ባልሰጠው ደግሞ ጠላት ከኋላ ነው፣ ድልድዩ ከፊት ይፈርሳል። እሱም እኔም ያ መድፈኛም እዚሁ እንቀራለን። ምርጫ አልነበረኝም፣ እጄ ግን እንደ ድንጋይ ከበደኝ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ብልቃጡን ከጡቴ ሥር አወጣሁና ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት።

ወንድሜ ብልቃጡን አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ።

«አልተሰበረም?»

«አልተሰበረም።»

«እትዬ…» አለ። ሌሊቱን ሙሉ፣ «ከተሰበረበት ጓዝ ላይ ጨርቁን ልሽተተው» ብሎ ለምኖኝ ነበር። ያንን ያስታወሰ መሰለኝ። ቢመታኝ አይገርመኝም ነበር።

«ምን ትጠብቃለህ? ጠጣ!» አለ ሻምበሉ።

ወንድሜ ቡሹን በጥርሱ ነቀለው። ሽታው ሲወጣ አፍንጫው ተነፋ፣ ጉሮሮው ሳይጠጣ ዋጠ። ብልቃጡን ወደ ከንፈሩ አስጠጋ። ከዚያ አይኑን ወደ ሰዓቱ አነሳ። እዚያው ቀረ፣ ብልቃጡ ከንፈሩ ላይ፣ አይኑ ሰዓቱ ላይ።

«አይሆንም» አለ።

«ምኑ ነው የማይሆነው?»

«ጌታዬ ሻምበል፣ እርስዎ ሲሰጡት ነው የሚያውቁት፣ እኔ ስጠብቀው ነው የማውቀው። ይህ ተጠጥቶ እስኪይዘኝ ድልድዩ አይጠብቅም። ለእጄ አይደርስም።» አይኑን ወደ ብልቃጡ መለሰ። «የሚደርሰው ለእኔ ብቻ ነው።»

ሻምበሉ ሰዓቱን አየ። የሚከራከርበት ነገር አልነበረም።

ወንድሜ ግን ብልቃጡን አላስቀመጠም። ጣቶቹ ነጭ እስኪሆኑ ጨብጦታል። «ውሰዱት» አለ። «ከእጄ አላቅቁልኝ። ራሴ መስጠት አልችልም፣ ሞከርኩ፣ እጄ እንቢ አለኝ። እባካችሁ!»

ሻምበሉ ጎንበስ ብሎ ጣቶቹን አንድ በአንድ ፈለቀቃቸው። ወንድሜ እያገዘውም እየታገለውም ነበር። በመጨረሻ ብልቃጡ ወጣ። ሻምበሉ ቡሹን መልሶ ከደነው፣ ብርሃን ላይ ይዞ የቀረውን መጠን አየ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«የልጁን ጩኸት ስትሰሚ ይሄ ከአንቺ ዘንድ ነበር?»

«ነበር።»

«እየዞርኩ ስጠይቅ አይተሽኛል?»

«አይቻለሁ ጌታዬ። ወንድሜ ነው። ልቡ ቢቆምብኝ ብዬ ነው።»

ቢሳደብ ይሻለኝ ነበር። «እሺ» ብቻ አለና ወደ ባቡሩ ሮጠ። መስታወቱን በእጄ ጠረግሁና ወደ የትኛው ፉርጎ እንደገባ አየሁ። ቀበቶ የነከሰው ልጅ ያለበት ነው። ፊቴ በእፍረት ነደደ፤ ከእፍረቱም ጋር ግን፣ ከእንግዲህ ልቡ ቢከዳው ምን እሰጠዋለሁ የሚለው ፍርሃት አብሮ ነበር። አንዱ ሌላውን አላስወጣውም።

ሹሙ ቆባቸውን አውልቀው ወንበር ላይ ተቀመጡ። «እንግዲህ የቀረ ነገር የለም» አሉ።

«አንድ ነገር አለ» አለ ወንድሜ። «እውነቱን ልንገረው።»

«ለቀርፋፋው? ንገረው እንጂ፣ ምን ገዶህ!» አልኩት።

«እትዬ፣ አልገባሽም። ይሄ ሽቦ አንድ ነው። እኔ እዚህ ስመታ ከዚህ እስከ ባሕሩ ያለ ጣቢያ ሁሉ ይሰማል። አሁን ሁሉም ሥራ ፈትቶ ጆሮውን ጥሏል፣ ጦርነት ነው። ለቀርፋፋው ብቻ የሚባል ነገር የለም።» እጁን ዘርግቶ አሳየኝ፤ ጣቶቹ በየራሳቸው ይዘላሉ። «እነዚህ ሰዎች ፊቴን አያውቁትም። የሚያውቁት እጄን ነው። ያለኝ ስም እሱ ብቻ ነበር።»

ስሙ ለኔ ምን ያደርግልኛል፣ እኔ የምፈልገው እሱን ነው። ይህንኑ ልነግረው ፈለግሁ፣ ግን በጣም ደክሞኝ ስለነበር፣ «ሰዓቱ እየሄደ ነው» ብቻ አልኩ።

መምቻውን ያዘ። በዚህ ጊዜ አንጓውን አልጨመቀም፣ መንቀጥቀጡንም ለመደበቅ አልሞከረም። እየመታ በአፉ ያነበንበዋል፣ ሥራ ሲከብደው ልማዱ ነው።

«ካፊያ ነኝ። አልሞትኩም። እጄ የሚንቀጠቀጠው ሞርፊን ስለተውኩ ነው። ሆስፒታል ለመድኩት። ከእህቴ ኪስ ሰርቄ ጠጥቻለሁ። እንደ ሕፃን ልብሴን አበላሻለሁ። እህቴ ታጥብልኛለች።» እዚህ ላይ አስነጠሰው፣ አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገና ቀጠለ። «ሌሊቱን አለቅሳለሁ። እጄ እንደ ድሮው ይመለስ አይመለስ አላውቅም። ዛሬ ያለኝ ይኸው ነው። ባቡሩ ቁስለኛ የጫነ ነው። ቀርፋፋው፣ አሳልፈን።»

እጁን አነሳና ጭኑ መሐል ደበቀው።

መሣሪያው ዝም አለ። ዝናቡ ይሰማል፣ ምድጃው ይሰማል፣ ሰዓቱ ይሰማል። ሹሙ ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ የሚጸልዩ ይመስለኛል። ወንድሜ መሣሪያውን አያየውም፣ ወለሉን ነው የሚያየው። አንገቱ እስከ ጆሮው ድረስ ቀልቷል። ያን ሁሉ ወራት ራቁቱን ሳጥበው እንዲህ አላፈረም።

ከዚያ መሣሪያው ቋ ቋ ቋ አለ፣ በፍጥነት። ዘልዬ ተነሳሁ።

«እሱ አይደለም» አለ ወንድሜ። «ይሄ ከታች፣ ከባሕሩ በኩል ነው። 'ቀርፋፋው፣ ሰውየውን መልስለት እንጂ' ይላል።»

ሌላ ተከተለ፤ ወፈር ያለ አመታት። «ይሄኛው ደግሞ፣ 'መልስለት' ብቻ ነው የሚለው።»

ሰዓቱ ላይ ረጅሙ ዘንግ ጫፉ ሊደርስ ነው። ነጂው በሩ ላይ መጥቶ ቆሟል፤ ከጢሙ ውሃ ይንጠባጠባል፤ ማንም ግባ አላለውም። ያኔ መሣሪያው ቀስ ብሎ ተነሳ። አንድ ምት፣ ዕረፍት። አንድ ምት፣ ዕረፍት። አምላኬ፣ ሰው እንዲህ ይንቀረፈፋል? ወንድሜ ቃል በቃል ይነግረናል።

«'ጠላት ቢሆን… አሳምሮ ይመታ ነበር። እንዲህ ያለ አስቀያሚ እጅ… ማንም አስመስሎ አይመጣም።'» ወንድሜ ወደ መሣሪያው ጎንበስ አለ። «'ኑ። መስመሩ ክፍት ነው። አንተ ከንቱ፣ ሞተ ብለው አስለቅሰውኛል'።»

ነጂው የቀረውን አልሰማም፣ ሮጦ ሄዷል። ሹሙ ቆባቸውን አድርገው፣ ፊሽካቸውን ይዘው በዝናቡ ወጡ። እኔ የማደርገው ጠፍቶኝ የወንድሜን ላብ በቀሚሴ ጠረግሁ። ደግፌው በሩ ጋ ስንደርስ መሣሪያው እንደገና መምታት ጀመረ። ወንድሜ ቆመ። ጭንቅላቱን ዘንበል አድርጎ እስኪጨርስ ሰማ። ረጅም ነበር። ባቡሩ ሲያፏጭ እጁን ይዤ ጎተትኩት።

ድልድዩን ስናልፍ ባቡሩ እንደ ሰው በእግሩ የሚሄድ ነበር የሚመስለው። በበሩ ስንጥቅ መሐንዲሶቹን አየኋቸው፤ በየምሰሶው ሥር ተቀምጠው ሽቦአቸውን ይጠብቃሉ፤ አንዱ እጁን አወዛወዘልን። ማዶው ጣቢያ ላይ ብዙ ሰው በካፖርት ተሸፋፍኖ ቆሟል። ወንድሜ ተነስቶ በስንጥቁ እያየ፣ «የትኛው ይሆን?» አለ። ባቡሩ አልቆመም። የትኛው እንደሆነ ሳናውቅ አለፍን።

ሻምበሉ በየፉርጎው ብልቃጡን ይዞ ዞሯል። መድፈኛው አፉን ከፍቶ እንቅልፍ ወስዶታል፤ ድልድዩን ስናልፍም አልነቃም። ከመጣን ጀምሮ ሲተኛ ሳየው የመጀመሪያው ነው። ወንድሜ አጠገቡ ጭዱ ላይ ወደቀ። እየተንቀጠቀጠ ጉልበቱን ወደ ሆዱ ሰበሰበ፤ እኔም ብርድ ልብሱን ጣል አድርጌበት ጀርባውን ማሸት ጀመርኩ።

«መጨረሻ ላይ ምን ነበር ያለህ?» አልኩት። «በሩ ላይ የሰማኸው።»

«ቀርፋፋው አይደለም። የማላውቀው ሰው ነው። እጁን ከዚህ በፊት ሰምቼው አላውቅም።»

«እና ምን አለ?»

ቁርጠቱ እስኪያልፍ ጥርሱን ነክሶ ጠበቀ። «'እኔም እንዳንተው ነኝ' አለ። 'ከቆሰልኩ ጀምሮ። ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ሁለተኛው ሳምንት ይቀላል። እኔን ማንም ስላልነገረኝ ነው የምነግርህ'።»

እጄ ጀርባው ላይ ቆመ። ያ ሰው የት እንዳለ፣ በየትኛው ቢሮ ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ ይህን እንደመታ አላውቅም። ሁሉም ሰምቶታል እኮ፣ እሱንም። አለቀስኩ፤ ደክሞኝም ነው።

ባቡሩ ፍጥነት ጨመረ። የተኛ መስሎኝ ነበር። ከዚያ በብርድ ልብሱ ውስጥ ሆኖ፣ «እትዬ» አለ።

«አቤት።»

«ሻምበሉ ሁሉንም ወሰደው? ትንሽ አላስቀረሽም? አንቺን አውቅሻለሁ።»

«የለም። ምንም የለም።»

«እኔ ልሙት በይ።»

ከታመመ ጀምሮ በሱ ምዬ አላውቅም፤ ቃሉን ሞት ይሰማዋል ብዬ እፈራ ነበር። ፊቱን በእጄ ወደ እኔ አዞርኩት። ጉድጓድ የገባ አይኑን እያየሁ፣ «አንተ ትሙት» አልኩት። «ጠብታ የለም።»

ረጅም ጊዜ አየኝ። እውነት መሆኑን ያወቀው ከፊቴ ነው መሰለኝ፣ አይኑን ጨፈነ። «እንግዲያው ልተኛ ልሞክር» አለ።

አልተኛም። እስኪነጋ አልተኛም። ግን አልጠየቀኝም።